የለኪው የመጨረሻ ከርነል

መሰላሉ ታጥፎ ነበር። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ወደ ክፍሉ የገባው ሰው ሁሉ ግን ሬሳውን ብቻ አይቶ፣ መሰላሉን ሳያይ ወጣ።

ቅዳሜ ምሽት ነው። ሟቹ በማሽን ክፍሉ መሃል በጀርባው ተንጋሏል። ከጭንቅላቱ ኋላ የፈሰሰው ደም ከብረት መደርደሪያው ማዕዘን ሥር ረግቷል። የአሉሚኒየም መሰላል ደረቱ ላይ ተጋድሟል፤ እግሩ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አለ። በዙሪያው የተደረደሩት ማሽኖች ማራገቢያቸውን እያንጫረሩ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የሚንከባከባቸው ሰው ቢሞትም ባይሞትም ደንታ የላቸውም።

«አደጋ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ። ክራቫቱን አላላ። «ኬብል ሊያይ ወጣ፤ ወደቀ። በቃ፤ ምን ይደረጋል?»

መርማሪዋ አልፋው ገባች። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌዋ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች አይደለም፣ የገባችበትን ሳትጨርስ ስለማትወጣ ነው። ቁጢጥ ብላ መሰላሉን አየችው። ሲከፈት በአራት እግሩ የሚቆም፣ ሲታጠፍ በመንጠቆ የሚያያዝ ዓይነት ነው። መንጠቆው እንደተያያዘ ነው።

«የታጠፈ መሰላል ላይ ነው የወጣው?»

«ምናልባት... አስደግፎት ይሆናል።»

«ምን ላይ? ግድግዳው እዚያ ማዶ ነው።»

«ማሽኖቹ ላይ ነዋ።»

ከሥራ አስኪያጁ ኋላ የቆመው ሽማግሌ ጥበቃ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ መራራ ሳቅ ነበር። «ለኪው? መሰላል ማሽኖቹ ላይ? ኧረ ይተዉ ጌታዬ! እሱ እኮ እኛ አጠገባቸው ስናስነጥስ ይቆጣ ነበር።»

መርፌዋ ተነሳች። ዓይኗ ከአንዱ ማሽን ጀርባ አንዲት ነጭ የመብራት ማከፋፈያ ላይ አረፈ፤ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ትልባታለች። ለጊዜው አለፈቻት።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ወደዚህ ድርጅት ይመጣሉ፤ ጉዳዩ አደጋ ነው ተብሎ ዛሬውኑ ይዘጋ አላት።

«ጌታዬ» አለችው፣ «ነጠላ ጫማ አድርገው የታጠፈ መሰላል ላይ ወጥተው ያሳዩኝና ወዲያው እዘጋዋለሁ።» መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋች። ጥበቃው ዞር ብሎ ፈገግ አለ።

ድርጅቱ የኢንተርኔት ጨዋታ የሚያስተናግድ ነው። ታች ምድር ቤት ሰፊ የመጫወቻ አዳራሽ አለ፤ ላይ ፎቅ ላይ ማሽኖቹ። አንደኛው፣ ሁሉም «ትልቁ ማሽን» የሚለው፣ ደንበኞች ከየቤታቸው የሚጫወቱበትን ጨዋታ የተሸከመ ነው። ሁለተኛው የሙከራ ማሽን ነው። ሟቹ ለኪው ሁለቱንም ይጠብቅ ነበር። «ለኪው» ያሉት ሁሉን ነገር ስለሚለካ ነው፤ አንድ ሰው «ዛሬ ጨዋታው ፈጠነ» ካለው «ለክተህ ነው ወይስ መስሎህ?» ይለዋል። በዚህ ጠባዩ የማይናደድበት አልነበረም፤ ያላመነውም አልነበረም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ፣ እንግዶቹ ሳይመጡ የተጠራ የመጨረሻ ሙከራ ላይ ነበር፤ ሃያ ያህል ተጫዋቾች በሙከራው ማሽን ይጫወታሉ። ወደ ፎቅ የሚያስወጣው ደረጃ አንድ ነው፤ ጥበቃውም ከሥሩ ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል። ለኪው ከገባ በኋላ፣ ሲመሽ ራሱ ጥበቃው ወጥቶ ሬሳውን እስኪያገኝ ድረስ፣ ደረጃውን የወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ምሎ ተናገረ፦ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ያለው የተጫዋቾቹ አለቃ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ በመጨረሻም የለኪው ታናሽ እህት።

«እሷ ስትወጣ ምን ሰማህ ጋሼ?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ልጅቷን አይንኩብኝ እንጂ... በሩን ስትደበድብ ሰምቻለሁ። ስትጮህ ሰምቻለሁ።»

«ምን ብላ?»

«'አትከፍትም? እዚያው ሙት!' ብላ።»

እህቲቱን ሁሉም «እሳቷ» ይላታል። አዲሱን ከርነል ያዘጋጀችው እሷ ናት። መርፌዋ በማግስቱ እሑድ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አገኘቻት፤ ዓይኗ አብጦ፣ አገጯን ግን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው? እሰሪኝ! ወንድሜን ገደልሽ ከምትይኝ ግን አፌ ላይ ጥይት ብትተኩሺ ይሻለኛል።»

«መጀመሪያ ከርነል ምን እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ኮምፒውተር ላይ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው የማውቀው።»

እሳቷ ግራ ገባት፤ ቁጣዋ ትንሽ በረደ። «ተራ አስከባሪ በይው። ማሽኑ ላይ ሥራው ሁሉ ይጋፋል፤ ጨዋታው፣ ኔትዎርኩ፣ ዲስኩ። ከርነሉ መሃል ቆሞ 'አንተ እለፍ፣ አንተ ቆይ' ይላል። የሁሉ ነገር ሥር እሱ ነው። አሮጌው ለሁሉም ሥራ እኩል የሚያስብ ነበር። እኔ ለጨዋታ የሚያደላ አዘጋጀሁ።»

«ታዲያ ያፈጥናል?»

«እሱ ላይ ነዋ የተጣላነው!» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «እኔ ያልኩት ሕዝብ ሲበዛ ጨዋታው አይንተፋተፍም ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ወስዶ 'ሁለት እጥፍ ይፈጥናል' ብሎ ከርነሉን ሊገዙ ለሚመጡት እንግዶች አወራ። ወንድሜ ደግሞ አርብ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት 'ለክቼ ሳልጨርስ ምንም ይሻሻላል አልልም' አለኝ። ለእህቱ እንኳ! ስድስት ወር የለፋሁበትን! አንድ ቀን 'ጎበዝ' ቢለኝ ምን ይቀርበታል?»

«ቅዳሜስ ለምን ወጣሽ?»

«መሃል ላይ ጨዋታው ጠፍቶ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ 'በቃ፣ ለኪው የእሳቷን ከርነል አስገብቶታል' አለ። ልጆቹ ሲጮሁ፣ ፈጠነ ሲሉ፣ ልቤ ዘለለ። 'አሁንስ ምን ትል?' ልለው ሮጥኩ። አንኳኳሁ፤ ዝም። ያኮረፈ መሰለኝ። እኔም... ያንን ተናገርኩ።»

«የበሩ መክፈቻ ካርድ አለሽ፤ ከፍተሽ መግባት ትችዪ ነበር።»

«ራሱ ይክፈትልኝ ብዬ ነዋ! አልገባሁም፤ ወንድሜ ይሙት አልገባ—»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምራ የምትምለው በእሱ ነበር፤ ሺህ ጊዜ ብላዋለች፣ አንድ ቀንም ሰምታው አታውቅም። ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። 

የተጫዋቾቹ አለቃ «መብረቅ» ይባላል። ጣቶቹን እያንቋቋ ገባ፤ ስለ ጣቶቹም ማውራት ይወዳል።

«እትዬ፣ እነዚህ ጣቶች አይዋሹም። ከርነሉ እንደተቀየረ ተሰማኝ። ቅቤ ሆነ!»

«ለኪው ግን አያምንህም ነበር።»

ደረቱን ነፍቶ የነበረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «ባለፈው ወር ሰው ፊት አዋረደኝ። 'ቀይሬዋለሁ፣ ተሰማህ?' አለኝ። 'እንዴ፣ በደንብ!' አልኩ። ለካ ምንም አልቀየረም። ሳቁብኝ። ተናድጃለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን በዚህ ሰው ይገደላል? ኧረ በስመ አብ!»

«ቅዳሜ ሲጠፋ ስክሪንህ ላይ ምን አየህ?»

«ደርቆ ቀረ። የእኔ ወታደር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ባለበት ይሮጣል፣ ይሮጣል... ከዚያ ጥቁር።»

«ለኪው ሳይናገር ነው የሚያጠፋችሁ?»

«እሱማ የታወቀ ነው። ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ 'ልጆች፣ እጃችሁን አንሱ' ብሎ ይጽፋል፤ የያዝነውን ዙር እስክንጨርስ ይጠብቀናል። ያን ዕለት ጠዋት እንኳ፣ ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ እንደዚያው ጽፎልናል። ከሰዓት ግን ረሳው መሰለኝ።»

«ስልክህ የት ነበር?»

«ሣጥን ውስጥ ነዋ። ሙከራ ሲኖር ሁላችንም ስልካችንን በሩ ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ እንከታለን፤ ስልክ ኔትዎርኩን ይበጠብጥና ልኬቱ ይበላሻል ይላል። የራሱን መጀመሪያ ከትቶ ነው እኛን የሚለምነን። አስኪያጁ ብቻ 'ጥሪ አለብኝ' ብሎ አልሰጥም አለ፤ ለኪው ተቆጥቶት ነው የወጣው።»

መርፌዋ ሣጥኑን ከፈተች። ተጫዋቾቹ ድንጋጤው ላይ የየራሳቸውን አንስተው ሄደዋል። የቀረው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ባለቤት የሌለው።

ሥራ አስኪያጁ በቢሮው ሻይ አስቀርቦ ተቀበላት። ሻዩን አልነካችውም።

«ልንገርዎት፣ ልጅቷን መወንጀል ሞቴ ነው» አለ እየተከዘ። «ግን አደጋ አይደለም ካሉ እውነቱን ልናገር። እኔ ፎቅ ላይ ወጥቼ አነጋገርኩት። ደህና ነበር። 'አሁን አዲሱን ከርነል ላስገባ ነው' አለኝ። ወረድኩ፤ ለልጆቹም ነገርኳቸው። እንዳልኩትም ጨዋታው ጠፍቶ ተነሳ። ከርነል ሲቀየር ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት አለበት። እኔ በዚያች ሰዓት ሃያ ሰው መሃል ቆሜያለሁ። እሱ ፎቅ ላይ በሕይወት አለ። ከእኔ በኋላ የወጣችው...» ትከሻውን ሰበቀ። «እሷ ብቻ ናት።»

«መብረቅስ?»

«እሱ ከእኔ በፊት ወጥቶ ከእኔ በፊት ወርዷል።»

ነገሩ ተሰፍቶ ያለቀ ይመስላል። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ማን ቀደመ ማን ተከተለ ብሎ ሊናገር አይችልም። ማንም ሌላ መርማሪ ቢሆን ያን ጊዜ እሳቷን አስሮ ይሄድ ነበር። የመርፌዋም አለቃ በስልክ ያለው ይህንኑ ነው፤ «እህቲቱን ያዢያትና ገላግይን።» መርፌዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። ሰው ሲያቻኩላት እግሯ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጠባይዋ ነው፣ ማንም አይቀይራትም።

እሳቷን ይዛ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣች። ሬሳው ተነስቷል። ልጅቷ በሩ ላይ ጥቂት ቆማ ገባች።

«ማሽኑ በየትኛው ከርነል እየሠራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ትጠይቂዋለሽ፣ ይነግርሻል።»

«ከቅዳሜ ወዲህ የነካው አለ?»

«ማንም። አሽጋችሁት የለ!»

«ጠይቂው።»

እሳቷ የሙከራውን ማሽን ኪቦርድ ሳበች፤ ጥቂት ፊደላት መታች። መልሱን አየችና ዓይኗን አሸች። ደግማ መታች።

«ይሄ... አሮጌው ነው! የእኔ አይደለም!»

«ታዲያ የመብረቅ ጣት ምን ተሰማው?»

«ራሱን!» አለች እሳቷ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ሳቅ ፈነዳባት።  «ቆይ፣ ገባኝ። ወንድሜ አዲስ ነገር የሚያምነው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። አዲስ ከርነል ሲያስገባ ማሽኑን 'ይህን አንዴ ሞክረው፤ ድጋሚ ከጠፋህ ወደ አሮጌው ተመለስ' ብሎ ያዘዋል። አዲሱ ቢበላሽ ማሽኑ ሞቶ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተጫወቱት በእኔ ከርነል ነበር፤ ማንም አላወቀም፤ ሆን ብሎ ነው የማይነግረን። መሃል ላይ ሲጠፋ ወደ አሮጌው ተመለሰ።»

«ለማንም አይነግርም?»

«ቢሞት አይናገርም! ሰው ካወቀ 'ተሰማኝ' ማለት ይጀምራላ። ለእኔም፣ ለአስኪያጁም፣ ለማንም አይናገርም።»

መርፌዋ ጎንበስ ብላ ነጯን ማከፋፈያ አነሳች። «ይህቺስ?»

እሳቷ ነገረቻት።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ተጫዋቾቹ በየስክሪናቸው ተቀምጠዋል፤ እሳቷ ደግሞ ፎቅ ላይ ያሉትን ማሽኖች ከዚሁ ሆኖ ማዘዝ በሚቻልበት ስክሪን ፊት። ሁለቱ ገዢዎች፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትና አንድ ዝምተኛ ሰው፣ ከኋላ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ጥቁር ልብስ ለብሶ ሐዘንተኛ መስሏል። የመርፌዋ አለቃም ፊቱን አጥቁሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሊከለክላት ነው የመጣው፣ የምትለውን ግን ሳያስበው ማዳመጥ ጀመረ።

«መጀመሪያ ሁላችሁም ስልካችሁን ሣጥን ውስጥ ክተቱ» አለች መርፌዋ። «የለኪው ሕግ ነው።»

አለቃዋ እንኳ እየተነጫነጨ ከተተ። ሣጥኑ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ ጥሪ አለብኝ።»

«ይሁን፣ ይያዙት» አለችው በለሆሳስ። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ጨዋታው ተጀመረ። ትንሽ ቆይታ «መብረቅ፣ አሁን እሳቷ ከርነሉን ቀየረችው። ተሰማህ?» አለችው።

«እንዴታ! ቅቤ!»

«ጨዋታው ጠፍቶ ተነሳ እንዴ?»

መብረቅ አፉን ከፍቶ ቀረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ድጋሚ! ድጋሚ በላኝ!» አለ ራሱን ይዞ፤ እሱም ሳቀ።

«አትፈር፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን። ይህን ያሳየሁት 'ፈጠነ' የሚል ወሬ ከርነሉ መቀየሩን እንደማያስረዳ እንድታዩ ነው። ቅዳሜ ለኪው አዲሱን ከርነል እንዳስገባ ያመናችሁት አንደኛ ጨዋታው ስለጠፋ፣ ሁለተኛ የፈጠነ ስለመሰላችሁ፣ ሦስተኛ ሥራ አስኪያጁ ስለነገሯችሁ ነው። አሁን ስክሪናችሁን እዩ። እሳቷ፣ ማሽኑን በደንቡ አጥፊና አስነሺው።»

በየስክሪኑ ላይ «ሰርቨሩ ሊዘጋ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ጨዋታው ተዘጋ፤ ማሽኑም ተመልሶ ተነሳ።

«ቅዳሜ ያያችሁት ይህን ነው?»

«አይደለም» አሉ ብዙ ድምፆች።

«ደግማችሁ ተጫወቱ።» ወደ ደረጃው ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ጋሼ! ንቀለው!»

ፎቅ ላይ የተቀመጠው ጥበቃ የሙከራውን ማሽን መሰኪያ ነቀለ። ስክሪኖቹ ደረቁ። ወታደሮቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ባሉበት ሮጡ።

«ይሄ ነው! ቅዳሜ ይሄ ነው!» አዳራሹ ጮኸ።

«አያችሁ፤ ቅዳሜ ማሽኑን ሪስታርት ያደረገው የለም። መብራት ተቋርጦበት ነው። የሕንፃው መብራት ግን አልጠፋም፤ ትልቁም ማሽን፣ የእናንተም ስክሪኖች ሲበሩ ነበር። ታዲያ የዚያን አንድ ማሽን መብራት ማን ቆረጠው?»

«ራሱ ለኪው ነቅሎት ይሆናላ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እሳቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ወንድሜ መሰኪያ ሊነቅል? ሰው እየተጫወተበት? ሳያስጠነቅቅ? የጠላቱን ማሽን እንኳ እንዲህ አያደርግም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ!»

«ያውቃሉ» አለች መርፌዋ። «ማሽኑ የተሰካው በስልክ በሚታዘዝ ማከፋፈያ ላይ ነው። 'ከቤቴ ሆኜ መዝጋትና መክፈት እፈልጋለሁ' ብለው ያስገዙት እርስዎ ነዎት። ማዘዝ የሚችሉት ስልኮች ሁለት ናቸው፤ የለኪውና የእርስዎ። የለኪው ስልክ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ እኔ ራሴ አወጣሁት። የእርስዎ ስልክ በእጅዎ ነበር። አሁንም በእጅዎ ነው።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደዚያ ስልክ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ሊደብቀው ፈለገ፤ የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው።

«እሺ፣ ቆረጥኩት እንበል! መብራት መቁረጥ ሰው መግደል ነው?»

«አይደለም። ግን ለምን? ለኪው በሕይወት ካለ፣ የሚሠራበትን ማሽን መብራት ለምን ይቆርጡበታል? ወዲያው በሩን በርግዶ መጥቶ ያንቅዎታል እኮ! አልመጣም። እንደማይመጣም ያውቁ ነበር። ጨዋታው ጠፍቶ ሲነሳ ሰው ሁሉ 'ለኪው ፎቅ ላይ ሆኖ ከርነል እየቀየረ ነው፤ ሕያው ነው' እንዲል ፈለጉ። ለዚህም ከመጥፋቱ አስቀድመው 'አዲሱን ሊያስገባ ነው፣ ነግሮኛል' አሉ። ለኪው ግን በሙከራ መሃል ለማንም አይናገርም። ማሽኑም በአሮጌው ከርነል ተነሳ፤ ለኪው አዲስ ነገር የሚያምነው ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደነበር አላወቁም። ቅዳሜን ሙሉ ስለዚያ ከርነል ሲያወሩ የዋሉት እርስዎ፣ የትኛው እየሠራ እንደሆነ ማሽኑን አንድ ጊዜ ቢጠይቁት ኖሮ ውሸትዎን ያስተካክሉ ነበር። አልጠየቁም። አይለኩማ።»

«ምን በደለኝና እገድለዋለሁ?»

ከኋላ ያለችው ገዢ መነጽሯን አወለቀች። «እኛ ነን ምክንያቱ» አለች ቀስ ብላ። «'ሁለት እጥፍ' የተባለውን ከራሱ ከለኪው አፍ ካልሰማን አንፈርምም ብለናቸው ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ መርፌዋን ትቶ ወደ እሳቷ ዞረ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ። «አንድ ቃል! 'ሁለት እጥፍ' ቢል ምን ነበረበት? ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ! 'ያልለካሁትን አልናገርም፤ የለካሁትንም አላጋንንም' አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም... መደርደሪያው ነው...»

«መሰላሉን ደረቱ ላይ ያስተኛውም መደርደሪያው ነው?» አለች መርፌዋ። «እህቱን ለእኛ አሳልፎ የሰጣትም መደርደሪያው ነው?»

 አለቃዋ በሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ራሱ መጥቶ ሥራ አስኪያጁን ክንዱን ያዘው። ሲወጣ ወደ መርፌዋ አላየም፤ እሷም እንዲያይ አልጠበቀችም።

 ዝምተኛው ገዢ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ይቅርታ፣ ሰዓቱ አይደለም። ግን... ከርነሉ ታዲያ ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለች እሳቷ። «እኔ ሠሪዋ ነኝ፤ 'ያሻሽላል' ነው የምለው። የሚለካው እሱ ነበር። የመጨረሻውን ሳይነግረኝ ሄደ። እኔም የመጨረሻ ቃሌ 'ሙት' ነው።» 

«መብረቅ» አለች መርፌዋ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ለኪው ትልቁ ጨዋታ ላይ 'እጃችሁን አንሱ' ብሎ ጻፈ አላልከኝም?»

«አዎ። አጥፍቶ አስነሳው።»

«ትልቁን ማሽን ለምን ያስነሳዋል? እሳቷ፣ እስቲ እሱንም ጠይቂው።»

እሳቷ ኪቦርዱን ሳበች።  ያንኑ ጥቂት ፊደላት መታች። ማሽኑ መለሰ።

ደግማ አነበበችው።

«የእኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ትልቁ ማሽን ላይ... ደንበኛው ሁሉ የሚጫወትበት ላይ... የእኔ ነው!» ሌላ ነገር መታች፤ አጎንብሳ አነበበች። «'አንዴ ሞክረው' አላለውም። ለሁልጊዜ ነው ያዘዘው። ቢጠፋም ቢነሳም በእኔው። ወንድሜ በሕይወቱ እንዲህ ያደረገው አንድም ከርነል የለም! ለክቶ ጨርሶ ነበር!»

አለቀሰች፤ ሳቀችም። ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ገዢዎቹ ዞረች፤ አገጯ ተመልሶ ቀና አለ።

«ስሙ። ሁለት እጥፍ አይደለም። እንዲያውም ሰው ሲያንስ ከአሮጌው ምንም ልዩነት የለውም። ሰው ሲበዛ አይንተፋተፍም፤ ይኸው ነው። በዚህ ከገዛችሁ ግዙ። 'ሁለት እጥፍ' የሚል ወረቀት ካመጣችሁ ግን እዚሁ እቀደዋለሁ። ለዚህ ነው የሞተው።»

ገዢዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አይንተፋተፍም ብለን እንጽፋለን» አለች።

እሳቷ በዚያው ኪቦርድ ወደ ሙከራው ማሽን ተመለሰች፤ ጥበቃው መልሶ ሰክቶት ልጆቹ አዲስ ዙር ጀምረውበታል። እሱም ላይ ከርነሉን ለሁልጊዜ ልታደርገው ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ጣቷ አዝራሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ተወችውና መጀመሪያ ጻፈች።

በየስክሪኑ ላይ ወጣ፦ «ልጆች፣ እጃችሁን አንሱ።»

መብረቅ አየው። ከንፈሩን ነከሰ፤ ዙሩን ጨርሶ ሁለት እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። አጠገቡ ያለውም አነሳ፤ ከዚያ ሁሉም። እሳቷ የመጨረሻው እጅ እስኪነሳ ጠበቀቻቸው።